የእኛ ቅንጭብ ተክል አይደለም እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መርዛማ የግቢ ተክሎችና ስለ ሕፃናት ያወጣችሁትን ዘገባ ሳነብ ብቻዬን ማጉረምረም ጀምሬ ነበር። ልጄ «እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» አለኝ። ከጋዜጠኞች ጋር ነው፣ ልጄ።

ዘገባው መጥፎ አይደለም። ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ አበባው ልብ የሚያውክ መርዝ እንዳለው ነግራችሁናል፣ ደግ አደረጋችሁ። ሳሎን ጥግ የሚቀመጠው ዲፈንባኪያም ልጅ ካኘከው አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። እውነት ነው። እኔን ያበገነችኝ አንዲት መስመር ናት። «አገር በቀል ተክሎች ግን አብረውን የኖሩ በመሆናቸው ለልጆች እምብዛም አያሰጉም» ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ምናልባት ቀልድ ይሆናል ብዬ።

እኔ ባህር ዳር ዳርቻ ተከራይቼ ነው የምኖረው። በአንድ ግቢ ስድስት ቤተሰብ ነን፣ ቧንቧው አንድ። «ጋርደን» የለንም፣ ዲፈንባኪያም የለንም። ያለን አጥር ነው፤ አጥሩ ደግሞ ዙሪያውን ቅንጭብ። ቅንጭብ በመርከብ የመጣ ጌጥ አይደለም፣ ትውልዱ እዚሁ አፍሪካ ነው። በእናንተ ሒሳብ አብሮን ኖሯል ማለት ነው።

አምና ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። ከጎረቤት ልጆች ጋር ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እሱ ወተት ሻጭ ሆነ። ቅንጭቡን እየቀነጠሰ፣ ነጩን ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረገ ቆርኪ ይሞላል፤ ለሴቶቹ ልጆች በሊትር ይሸጥላቸዋል። ቆርኪዎቹን በመስመር ደርድሯቸው ነበር፣ ሰባት ይሆናሉ። ከዚያ በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ።

ዓይኑን ልከፍት ብታገል አልከፈት አለኝ። አራስ ጎረቤቴ የጡት ወተት ልጨምርበት ብላ ሮጣ መጣች፤ ከእናቶቻችን የሰማነው እንደዚያ ነው። ሌላዋ ቅቤ ይዛ ወጣች። እኔ ጀሪካኑን አንስቼ ፊቱ ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ። ብልህ ሆኜ አይደለም፣ ደንግጬ ነው። የጀሪካኑ ሲያልቅ የጎረቤቴን ደገምኩ። ውኃ የመጣበት ቀን ባይሆን ምን አፈስ እንደነበር እንጃ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ «ጥሩ አድርገሻል፣ ውኃው ነው የረዳው» አለችኝ። ሦስት ቀን ብርሃን ማየት አቅቶት ጨለማ ውስጥ ተኛ፤ ተመስገን፣ ዓይኑ ተረፈ።

እንግዲህ የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ይቺን መጻፍ ስንት ቦታ ይፈጅባችሁ ነበር? ለ«ግቢዎን በባለሙያ ያስፈትሹ» ቦታ አልጠፋም። ባለሙያውን ከምን ልክፈለው፣ ከወተቱ ሽያጭ?

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። ተክል አብሮን ስለኖረ አይጎዳም ካላችሁ ጉሎን ምን ልታደርጉት ነው? ትውልዱ የእኛው አካባቢ ነው። እናቴ ምጣድ የምታሟሸው በእሱ ነው፤ ፍሬው ማድ ቤት፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን በሌለው ጣሳ ይቀመጣል። ዥንጉርጉር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ልጅ ከረሜላ ቢመስለው አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ ቡልጋሪያዊው ጸሐፊ ጆርጂ ማርኮቭ ተገደለበት የሚባለው ራይሲን የተባለ መርዝ ከዚሁ ፍሬ ነው የሚወጣው። ልጅ ሳያኝክ ከዋጠው ሳይጎዳው ሊወጣ ይችላል፤ ካኘከው ግን አደጋ ነው። አኝኮት ይሁን አይሁን ደግሞ ማን አየ? ያው ሐኪም ቤት ነው።

እንዶድስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ነበር። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ስለማጥፋት የተደረገው፣ ያ ሁሉ የምንኮራበት ምርምር የተነሣው መግደሉን በማየት ነው። በተቃራኒው ሁላችንም የእኛ የምንለው አስተናግር (አጤ ፋሪስ የምትሉትም አላችሁ) ትውልዱ አሜሪካ ነው። የበላውን ያስለፈልፋል፣ ልብ ያስሮጣል፣ በየአጥሩ ሥር በቅሏል። ፓስፖርት እያያችሁ ከለያችሁ እሱን የት ልትመድቡት ነው?

ቅንጭብ ይነቀል እያልኩ አይደለም። አከራያችን እማማን «እንንቀለው» ስላቸው «ፍየሉን አንቺ ልትጠብቂ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅርንጫፉን ሰብረው ቢሰኩት ይበቅላል፣ ውኃ አይለምን፣ ከቆርቆሮ ይረክሳል፣ ፍየልም አትነካውም። ለምን እንደማትነካው ፍየሏ ከእናንተ ባለሙያ ቀድማ ታውቃለች። እኛ ያደረግነው ይህን ያህል ነው፦ ልጆቹ በሚጫወቱበት በኩል አሮጌ ጣውላና ማዳበሪያ ጋረድንበት፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ሁልጊዜ ሙሉ እንዲቀመጥ ተስማማን፣ የእናቴ ጉሎ ደግሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣ። እናቴ አኩርፋለች።

ከእናንተ የምፈልገው ያቺ መስመር እንድትታረም ነው። ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል። ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የአንድ ቪላ በረንዳ ነበር፣ ያምራል። ለእርማቱ ሌላ ፎቶ ካስፈለጋችሁ ወደ እኛ ግቢ ብቅ በሉ። ቆርኪዎቹ እንኳ አሁንም አሉ፤ አሁን ሻይ ነው የሚሸጥባቸው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከባህር ዳር