ከባሕር የተረፈው ልጅ የት ገባ?

ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

በዚህች ከተማ ለረጅም ዓመታት ታሪክ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ፣ ከጀልባ አደጋ የተረፈ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዚያ በኋላ የኖረውን ኑሮ ለማጥናት ተነሥቼ መንገዱ ስለተዘጋብኝ ነው።

ልጁ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከየመን ለእናቱ ደውሎ፣ የተሳፈረበት ጀልባ እንደሰጠመና ባዶ ጀሪካን አቅፎ እንደተረፈ ነግሯቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። በዚያው ወር በ3ኛው ቀን፣ ከሶማሊያዋ የወደብ ከተማ ከቦሳሶ የተነሣና 145 ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ 260 ያህል ሰው የጫነ ጀልባ የመን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ ሰጥሞ፣ 49 ሰዎች ሲሞቱ 140 የገቡበት እንደጠፋና 71 እንደተረፉ በወቅቱ ተዘግቧል። ልጁ ከ71ዱ አንዱ ይሁን አይሁን ግን የሚያረጋግጥልኝ ሰነድ የለም፤ ደላላ የተሳፋሪ መዝገብ አይዝምና።

በ1912 እ.ኤ.አ. በሰጠመችው ታይታኒክ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍራ የነበረችው የሁለት ወር ሕፃን ሚልቪና ዲን አባቷን በአደጋው አጥታ ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ወደ እንግሊዝ መመለሷ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመንግሥት ካርታ መሥራቷ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በ97 ዓመቷ ማረፏ ሁሉ ይታወቃል። እርሷ የመጨረሻዋ ተራፊ በመሆኗ ዝነኛ ሆናለች ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ዝና ያልጎበኛቸው የመርከቢቱ ተሳፋሪዎች የኋላ ኑሮም ከተሳፋሪ ዝርዝር፣ ከጋብቻ መዝገብ፣ ከሕዝብ ቆጠራና ከመቃብር ጽሑፍ ተለቅሞ ተጠንቷል።

እኔ ደጅ የጠናሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከስደት ተመላሾች የሚመዘገቡበት ደብተር እንደነበረ፣ ቢሮው ሲዛወር ግን የት እንደገባ እንደማይታወቅ ነገረኝ። በጅማ ዝናብ ወለል ላይ የተከመረ ደብተር አንድ ክረምት እንደማይሻገር ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በአገራችን ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይመዘገባሉ። የተመላሾች መዝገብ በአግባቡ ተይዞ ከዚህ ጋር ቢገናዘብ፣ ከባሕር የተረፈ ሰው አገሩ ገብቶ ትዳር ይያዝ ወይም ይሙት ለመከታተል ይቻል ነበር። ስሙ እንዲወጣበት የማይፈልግ ተመላሽ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለጉዞው የተበደረውን ያልከፈለ አለ፣ ጎረቤቱን የሚያፍርም አለ። ስለዚህ መዝገቡ በባለቤቱ ፈቃድ ካልሆነ ለማንም እንዳይገለጥ፣ ለክስም እንዳይውል አብሬ እጠይቃለሁ።

ለጊዜው የምለምነው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከየመን የተመለሱ የከተማችን ልጆች ስም የሰፈረበት ደብተር በየትኛውም ቀበሌ ከተገኘ፣ እናቱ በአካል ቀርበው የልጃቸው ስም ይኖርበት እንደሆነ እንዲጠይቁ፣ ማንበብ ስለማይችሉም እኔ አብሬያቸው እንድገኝ ይፈቀድልን።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው የታሪክ መምህር፣ ጅማ