እናቴ ተራራውን በእግሬ ካልወጣሁ ብላለች

ይድረስ እንደ እህት ለማይሽ ለሐኪሟ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ምን ፈልጋ ነው?» ማለትሽ አይቀርም። ልክ ነሽ፣ ፈልጌ ነው። ስለ መጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ምክንያት ልደርድር ብል አንቺም አታምኚኝም፣ እኔም አፌ ይያያዛል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እናቴ ወደ ኬፕ ታውን ልትመጣ ነው። ቪዛዋ ወጥቷል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ትገባለች። እስከዚህ ድረስ ደስታ ብቻ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከከተማው በላይ የተዘረጋውን፣ አናቱ ሜዳ የሆነውን ቴብል ማውንቴንን «በእግሬ ካልወጣሁ አልመለስም» ማለቷ ነው። ያውም በታኅሣሥ 21፣ በማርያም ዕለት። ያውም በነቢያት ጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ።

ይህ ተራራ ለምን እንዲህ እንደያዛት ላንቺ ብቻ ልናዘዝ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን እየደወለች «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ የምነግራት ደህና ነገር አልነበረኝም። በር በብረት ዘግቼ በፍርግርግ መካከል ስኳርና ዳቦ ስሸጥ እንደምውል፣ ሌሊትም ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እንደምባንን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ስለዚህ የምነግራት ስለ ተራራው ነበር፤ ዛሬ ደመና ለብሷል፣ ዛሬ ጥርት ብሏል፣ ዛሬ አመሻሽ ላይ ቀልቶ ነበር እላታለሁ። እሷም ቀስ በቀስ ስለ እኔ መጠየቁን ትታ «ተራራሽ እንዴት አደረ?» ማለት ጀመረች። ዛሬ በእሷ ቤት ልጇን ስትጠብቅላት የኖረችው እመቤታችን ናት፤ የቆመችውም እዚያ ተራራ ላይ ነው። ምስጋና ወደሚደርስበት ቦታ ደግሞ በመኪና አይኬድም ባይ ናት፣ በሽቦ ላይ በሚንጠለጠል መኪናማ ጨርሶ።

በክርክር አልቻልኳትም። ከፍታውን በሥጋ እህቴ ልጅ አስነብባ ይዛዋለች። ከፍተኛው ቦታ፣ ማክሊርስ ቢከን የሚባለው የድንጋይ ክምር ያለበት፣ 1,086 ሜትር ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። «የእኔ ጓዳ ከእናንተ ተራራ ጫፍ በእጥፍ ይበልጣል፤ የጦሳን ተራራ ስታይ የኖረች፣ ግሸንን በእግሯ የወጣች ሴት በዚህ ትፈራለች ብለሽ ነው?» አለችኝ። ምን ልመልስ? ቁጥሩ ትክክል ነው። ግሸን ደርሳ የተመለሰች ዕለት እግሯን በሙቅ ውኃ ያጠብሽው አንቺ ነሽና ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ያን ጊዜ ጉልበቷ ሌላ ነበር።

ችግሩ ከፍታው አይደለም፣ አወጣጡ ነው። ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ፕላትክሊፕ የሚባለው ሸለቆ ነው፤ ፖርቱጋላዊው መርከበኛ አንቶንዮ ደ ሳልዳኛ እ.ኤ.አ. በ1503 ወጣበት የሚባለው ይኸው ነው። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን 700 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ትሄጂያለሽ። ከታች እስከ ላይ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ ደረጃውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ለሕፃን እግር የተሠራ ይመስላል፣ ቀጣዩ ጉልበትሽ ድረስ ይመጣና እጅሽን ጭንሽ ላይ ተክለሽ ካልገፋሽ አያስወጣሽም። ሸለቆው ወደ ሰሜን የዞረ ስለሆነና ታኅሣሥ እዚህ ዋናው በጋ ስለሆነ፣ ጎሕ ሳይቀድ ያልተነሣ ሰው ፀሐይዋን ሙሉውን መንገድ በጀርባው ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጋር የወጣን ጊዜ ከእናቴ በብዙ ዓመት የምታንስ እህት ስትወርድ ጭኗ እየተንቀጠቀጠ አልታዘዝ ብሏት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረጃውን ቁጭ እያለች ነው የጨረሰችው። ሳቅንባት። አሁን ሳስበው ሳቄ ይጠፋል።

ላይኛው ክፍል ደግሞ ሌላ ነው፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። መጨረሻው ላይ ግራና ቀኙ ገደል እየተጠጋጋ ይመጣና ከላይ ቀዝቃዛ አየር ፊትሽን ይመታሻል፤ ጥቂት እርምጃ ስትቀጥዪ ድንገት ሜዳ ላይ ትቆሚያለሽ። እንደ እኛ አምባ ነው፤ የወጣሽበትን ገደል የሚያስረሳ ሰፊ ሜዳ። ድንጋዩ መካከል ዝናብ ያቆረው ውኃ አለ፣ ቁጥቋጦው ሁሉ አበባ ነው። እናቴ ዳዊቷ ላይ ዓለት መሸሸጊያው እንደሆነ የምታነበው ሽኮኮ እዚያ ከሰው አይሸሽም፤ ቁርሴን ፈትቼ ዞር ስል አንዱ ወፍራም ሽኮኮ ዳቦዬ ላይ አፍንጫውን አሳርፎ አገኘሁት። በስተ ሰሜን ባሕሩ ላይ ሮበን ደሴት ትታያለች። ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቱ 18ቱን ያሳለፈባት እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ሰው፣ በዚያው ዓመት ተይዞ፣ ኋላ ከዚያች ደሴት ሆኖ ይህንኑ ተራራ ሲያይ ኖረ። እናቴ ይህን ሁሉ ብታይ ምን እንደምትል ማሰብ ብቻ ያስደስተኛል። ጭንቀቴን የሚያባብሰውም ይኸው ደስታ ነው፤ ጨርሼ ልከለክላት አልፈልግም።

«እንግዲያ በእግሯ ትውጣና በኬብል ካሩ ትውረድ» ትይኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ኬብል ካሩ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ያለ፣ በአምስት ደቂቃ ገደማ የሚያደርስ፣ ወለሉም እየዞረ አገሩን ሁሉ የሚያሳይ ነገር ነው። ነገር ግን ጌታው ነፋሱ ነው። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ ባሕር ላይ እርጥበት ይዞ ተራራው ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ ያ ደመና ሜዳውን ሸፍኖ በከተማው በኩል ባለው ገደል ቁልቁል ይፈስሳል፣ ትንሽ ወርዶ ሲሞቅ ይጠፋል። ከታች ሆነሽ ስታዪው ስለሚያምር ሰዉ «የጠረጴዛ ልብስ» ይለዋል። ላይ ሆነሽ ከመጣብሽ ግን እርምጃሽን አታዪም፣ ልብስሽ ይርሳል፣ በበጋ መካከል ጥርስሽ ይንገጫገጫል። ነፋሱ ሲበረታ ላይ ያለው ጣቢያ ጥሩንባ ነፍቶ ሰዉን ይሰበስባል፣ ከዚያ ኬብል ካሩ ይቆማል። የረፈደበት ሰው ያንን ደረጃ በእግሩ ይወርዳል። ለእናቴ ጉልበት ደግሞ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይከፋል፤ ይህን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። በነገራችን ላይ የከተማውን መጥፎ አየር ጠርጎ ይወስዳል እያሉ ይህን ነፋስ «የኬፕ ዶክተር» ይሉታል። የሙያ ባልደረባሽ ነውና ስሙን አላጠፋም፣ ሕመምተኛ ግን አልሰጠውም።

እንግዲህ ልመናዬ። እኔ ስናገር «ከተማ አልፈስፍሶሻል» ትለኛለች፤ አንቺ ስትናገሪ ግን ዝም ብላ ትሰማለች፤ ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ከሆነማ ቃል አትመልስም። ሄደሽ ግፊቷን ለኪልኝ፤ የግራ ጉልበቷንም እይው። እኔ ስጠይቃት «ድኗል» ትላለች፣ እህቴ ደግሞ ማታ ማታ በቅባት ስታሸው እንደምታያት ነግራኛለች። ከዚያ እውነቱን ጻፊልኝ። ትችላለች ካልሽ እኔ ፊት ፊቷ እየሄድኩ፣ ውኃውን ተሸክሜ፣ ማልደን ተነሥተን እንሞክረዋለን። አትችልም ካልሽ ደግሞ ይህን የምትነግሪያት አንቺ ሁኚልኝ። ፈሪ ነኝ፣ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ልታደርጊልኝ ትችያለሽ። ከታኅሣሥ 21 ይልቅ የጥር 21ን፣ አስተርእዮ ማርያምን፣ ሐሳብ አቅርቢላት። ያን ጊዜ ጾሙ ይፈታል፣ የበዓሉ ሰሞን ግርግርም ይቀንሳል፤ ዲሳ የሚባለው ቀይ አበባም ውኃ በሚንጠባጠብበት ገደል ላይ የሚፈካው ከጥር ጀምሮ ነው። ከእኔ ከመጣ ማታለያ ይመስላታል። ከአንቺ፣ ከሙስሊሟ ልጇ፣ «እማማ፣ ጥር 21 አይበልጥም?» የሚል ቃል ስትሰማ ግን በዓሉን ስላወቅሽላት ብቻ ደስ ብሏት እሺ ትላለች። ተንኮል ነው አትበዪኝ፤ ከሆነም የወሎ ተንኮል ነው። አንቺም ብትመጪ ከተራራው ሥር ቦካፕ የሚባል፣ ቤቶቹ በየቀለሙ የተቀቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1794 የተመሠረተው የአገሩ የመጀመሪያ መስጊድ ያለበት ሰፈር ወስጄሽ ጁምዓሽን እዚያ ትሰግጃለሽ። ይህን ለማባበል ነው የጻፍኩት፣ አልደብቅም።

ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታሳዪያት። ሱቁንና ሌሊቱን በተመለከተ የጻፍኩትን አታውቅም፣ አሁን ያለፈ ነገር ነውና ባታውቀው ይሻላል።

ደግሞ የእግሯን ቁጥር ላኪልኝ። «በረባሶዬ ይበቃኛል» ብላ ነው የምትመጣው፣ እዚያ ደረጃ ላይ ደግሞ በረባሶ ያንሸራትታል። ቁጥሩን ብትጠይቂያት ዋሽታ አንድ ቁጥር ቀንሳ ስለምትነግርሽ፣ ወረቀት ላይ አስቁመሽ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪና ፎቶውን ላኪው። ግራው እግር የሚያብጥ ከሆነ እሱን ለኪ።

መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ።

እህትሽ
ከኬፕ ታውን