«ድንገት» የማይጻፍበት ደብተር፦ የመኪና እንክብካቤ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት ሥራ ሲጀምር ንብረቱ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ከፊዚክስ ላቦራቶሪ የተዋስነው መልቲሜትር እና ሁሉም ዲኤክስ የሚላት የእኔው አሮጌ ኮሮላ ነበር። ዘወትር ሐሙስ ከቀኑ 9፡30 ላይ ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ ባለው ደልዳላ ሜዳ ኮፈኗን ከፍተን እንሰበሰባለን። ለመመዝገብ ከመጡት ብዙዎቹ መንዳት የምናስተምር መስሏቸው ነበር። እንዳልሆነ ስነግራቸው የተወሰኑት ወደ ድራማ ክበብ አለፉ። የቀሩት 19 ናቸው፤ 11ዱ ሴቶች። እነዚህ እስከ ሰኔ አንድም ሐሙስ ሜዳውን ባዶ አላደረጉትም።

ደብተሩን ከንብረቱ ሁሉ ያስቀደምኩት የክበቡ ዋና ሥራ እሱ ስለሆነ ነው። የሞተር ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውሃ፣ የፍሬን ዘይቱና የባትሪው ልክ በየሳምንቱ ከነቀኑ ይጻፍበታል። አንዲት ሕግ አለችው፦ «ድንገት» የሚል ቃል አይጻፍበትም። በዜናም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጠንም «ፍሬን እምቢ ብሎት» ሲባል እንሰማለን። ፍሬኑ ግን እምቢ ያለው በዚያች ደቂቃ አልነበረም። ጎማውን ፈትጎ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ለወራት እየሳሳ፣ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ፣ ፔዳሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች እየራቀ ሲናገር ከርሟል። ስለዚህ «ድንገት» ብሎ ሊጽፍ የቃጣ ተማሪ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያለፉትን ሳምንታት ገጾች ወደ ኋላ መግለጥ አለበት።

የመጀመሪያው ወር በሞተር ዘይት አለቀ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሁሉም በትክክል እስኪለኩ ግን ሦስት ሐሙስ ፈጀብን። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቆማለች፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪጠራቀም አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ከዚያ የዘይት መለኪያው ተመዞ በጨርቅ ይጠረጋል፣ እስከ መጨረሻው ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይመዘዛል። ብዙ ሰው የሚዘለው መጥረጉን ነው። ሳይጠርግ ያየው ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ የተረጨውን ዘይት ነው፤ እውነተኛውን ልክ አያሳይም። በብዙ ትንንሽ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ እየለኩ መጨመር ነው። «ይብዛ፣ ግድ የለም» ማለትም ጥፋት ነው። ከልክ ያለፈውን ዘይት የሚሽከረከረው የሞተር ዘንግ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት ፍትጊያ አያድንም።

ዘይቱ መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ጥላሸቱን እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። የሚያስደነግጠው ሌላ ቀለም ነው። አንድ ወላጅ መኪናቸውን እንድናይላቸው ባመጡበት ቀን የዘይት መሙያውን ክዳን ስንገለብጠው የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተጋግሮበት አገኘን። አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ እንዲህ ያለ አረፋ በጥቂቱ ከእርጥበት ሊመጣ ይችላል። የእሳቸው መኪና ግን የራዲያተር ውሃም ይጎድልባት ነበርና ሳይውሉ ሳያድሩ ጋራዥ እንዲያሳዩ ነገርናቸው። ዘይቱና ውሃው እንዳይገናኙ የሚለየው ማሸጊያ፣ የቴስታታው ጉርኒሲዮን፣ ሄዶ ኖሯል። ተመልሰው መጥተው ተማሪዎቹን በየስማቸው አመሰገኗቸው።

ኅዳር ላይ ወደ ራዲያተር ስንሸጋገር መጀመሪያ የገባነው ላቦራቶሪ ነው። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አልኳቸው። «በመቶ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ቢከር ውስጥ ውሃ ጥደን ቴርሞሜትር ከተትንበት። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል» አሉኝ። ሌላ አመጣን፤ እሱም 92። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ጫና አነስተኛ ነው፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ደጋ ላይ ንፍሮ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጀውም ለዚሁ ነው።

አሁን ይህን ወደ መኪናዋ እናምጣው። ጤነኛ ሞተር ሲሠራ የውሃው ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲያው እዚህ ከተማ ውስጥ በራዲያተር ያለ ንጹሕ ውሃ ለመፍላት የቀረው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? ተማሪዎቹ አሥር ደቂቃ ያህል ተከራከሩበትና አንዱ ክዳኑን አንሥቶ ውስጡ ያለውን ሞላ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ገባው። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሞላው የላላ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ያለው መኪና ደጋ ላይ ቢያስቸግር አይገርምም። ሙቀት ሲያስቸግራቸው ራዲያተር የቀየሩ፣ ፖምፓ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ክዳኑን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሞተሩ እንደሞቀ ክዳኑን መክፈት የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታምቆ የቆየው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንድ አፍታ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል።

«እኛ አገር መንገድ ላይ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ከወላጆችም መጥቶልኛል። ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ኩላንት ውሃው በረዶ እንዳይሆን ብቻ የሚጨመር አይደለም፤ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ለዓመታት የተሞላበት ራዲያተር ውስጡ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት ይይዛል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ይቀምሰዋል። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀንሳችሁ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ።

በየካቲት የሆነውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። የፍሬን ዘይቱን የምትመዘግበው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማስመሪያዋን ከዕቃው ጎን አስደግፋ ከላይኛው መስመር ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ትጽፋለች። ጥር መጨረሻ ላይ 3 ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ 5 ሆነ። ከዚያ 9። ደብተሩን ይዛ መጣች። እኔም ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ጥቂት መውረዱ ያለ ነገር ነው አልኳት፤ እውነትም ያለ ነገር ነው። «ቲቸር፣ ከጥቅምት እስከ ጥር የወረደው 3 ብቻ ነው። አሁን በሁለት ሳምንት 6 ወረደ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጋራዥ ያላቸው አንድ ወላጅ በማግስቱ መጥተው የኋላውን ግራ ጎማ ፈቱ። ሸራውን የሚሸፍነው ታምቡር ሲወጣ ውስጡ ረጥቧል። ሸራውን የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር የጎማ ማሸጊያው አርጅቶ ዘይቱን እያሾለከ ነበር፤ ሸራውም በዘይት ተነክሮ አብለጭልጯል። ከውጭ፣ ከጎማው በኩል፣ አንዳች ጠብታ አይታይም ነበር። በዚያች መኪና ሁለት ልጆቼን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ቦሎዋም የዓመቱ ነው፤ ምርመራውን በደንብ አልፋለች። ምርመራው ግን የዓመቱን አንድ ቀን ያያል፤ ይህች ተማሪ ያየችው የቀሩትን ቀናት ነው። ማሸጊያውም ሸራውም ተቀየረ፤ ሸራው የሚቀየረው በሁለቱም የኋላ ጎማዎች ነው፣ አለዚያ መኪናዋ ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ከዚያ አየሩ ከመስመሩ እስኪወጣ ድረስ አንዱ ፔዳል እየረገጠ፣ ሌላው ጎማው ጋ እየከፈተና እየዘጋ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ሠሩት። ያን ዕለት በደብተሩ ላይ የተጻፈው «ፔዳሉ ጠንክሯል» የሚል ብቻ ነው።

ይህ ነገር ተማሪዎቹን ስለ ፍሬን ዘይት ብዙ አስጠየቃቸው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ሲታሸግ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4ም ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው፣ ተከፍቶ የከረመ ዕቃም አይጨመር የሚባለው ለዚህ ነው። ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይገባል፤ እንፋሎት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል።

«140 ዲግሪ የት ይገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። የዓባይ በረሃን አነሣሁላቸው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀውን ጉልበት ሁሉ ፍሬኑ ብቻ ቢውጠው ስንት ይሆናል? ራሳቸው አሰሉት፦ ወደ 12 ሚሊዮን ጁል። ይህ 39 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እዚሁ እኛ ከተማ እስከሚፈላበት 92 ዲግሪ ያደርሳል። ሁለት ጀሪካን ለመሙላት አንድ ሊትር የጎደለው ውሃ! በእርግጥ አየሩና መንገዱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ቢሆንም ነባር ሾፌሮች «ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው» የሚሉት ምን ማለታቸው እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከባድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ሲይዛት ያ ሁሉ ሙቀት ሸራው ላይ አያርፍም።

ስለ ባትሪ አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። የሰርቪሱ መኪና ሰኞ ማለዳ አልነሣ ብላ ሰው ሲገፋት ደረስን። ሾፌሩ፣ ተማሪዎቹ ጋሼ የሚሏቸው፣ አዲስ ባትሪ ሊያስገዙ ወስነው ነበር። ልጆቹ መልቲሜትሩን አመጡ፤ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት። ሙሉ ነው። ጤነኛ ባትሪ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ይሰጣል፤ ወደ 12 ሲወርድ ነው ደክሟል የሚባለው። ችግሩ የፖዘቲቩ ማሰሪያ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተከምሮ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ እንዳያልፍ ዘግቶታል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈቱ፤ ሲያስሩ ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው፤ መፍቻው የመኪናውን አካል ነክቶ ብልጭታ እንዳይፈጥር። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው፣ አድርቀው፣ ቫዝሊን ቀብተው አሰሩት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ሞተሩ እየሠራ ሲለኩ 14.1 ስላሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ደህና ነው። ጋሼ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከእኛ ጋር ይቆማሉ፤ ስለ ካምቢዮ ዘይትና ስለ መሪ ዘይት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ውሃ የሚሞላ ባትሪ ላላቸው አንባቢዎች ደግሞ፦ የተጣራ ውሃ ብቻ፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይጨመርበትም።

የአማርኛ መምህራችንም አንድ ሐሙስ መጥተው ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ እንዴት ወደ ጋራዦቻችን እንደገቡ ተናገሩ፤ ተማሪዎቹ በደስታ ሰሙት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ይህ ትምህርት ያረጃል» የሚሉኝ አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ የፍሬን ዘይት ግን አለው፣ ኩላንት አለው፣ በብዙዎቹ ላይ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አለች። ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ፍሬን ደግሞ ሳይነካ ስለሚከርም ሊዝግና ሊጣበቅ ይችላል፤ ማየት አይቀርም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ እንዲህ ያለ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ የሚያሳየን ወላጅ እንፈልጋለን።

ያልሠራነውም አለ። መኪናዋን የሚያነሣ ክሪክ እንጂ ከተነሣች በኋላ የሚይዛት መደገፊያ ስለሌለን አንድም ተማሪ ከመኪና ሥር እንዲገባ አልፈቀድኩም፤ መደገፊያ እስኪገዛም አልፈቅድም። የፍሬን ዘይት እርጥበት መለኪያና የባትሪ አሲድ መለኪያ የለንም። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመን ለጋራዥ አስረክበናል፤ አጥራችሁን ከምስጥ ልትቀቡበት የጠየቃችሁን ጎረቤቶች ይቅርታ፣ ዝናብ ሲመጣ አጥቦ ወደ ወንዙ ይወስደዋል።

ደብተሩ ለክረምቱ የፍሬን ዘይቱን ስትመዘግብ ከነበረችው ተማሪ ጋር ነው፤ መኪናዋን በየሁለት ሳምንቱ ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣላታለሁ። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ ይካሄዳል። ስትመጡ አንድ ማስመሪያና አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ።