የተከፈለበት ምስክርነት ማስታወቂያ መሆኑ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዲጂታል ማስታወቂያ መስፋፋት በየጋዜጣው ሲጻፍ ጎልቶ የሚወጣው የገበያው ዕድል ነው፤ ስንት ተከታይ፣ ስንት ዕይታ፣ ስንት ሽያጭ። እኔ ጀሞ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ያ ማስታወቂያ ከስልክ ወጥቶ የሰው ፊት ላይ ሲያርፍ በየዕለቱ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወጣቶች ወደ እኛ ሲመጡ የሐኪም ማዘዣ አይዙም፤ የሚይዙት ስልክ ነው። ቲክቶክ ላይ ያዩትን ከፍተው «ይህ አላችሁ?» ይላሉ። አብዛኞቹ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የሚጠይቁት ነገር በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንድ ሰሞን የቫይታሚን ሲ ሴረም ነው፣ ሌላ ሰሞን ፊት የሚያጠራ ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ ቅባት። የቪዲዮው አካሄድ ግን አይለወጥም። ብጉር የበዛበት ጠቆር ያለ ፊት ይታያል፣ ሙዚቃው ይቀየራል፣ ወዲያው ጥርት ብሎ የሚያበራ ፊት ይመጣል። በመካከል የተለወጠው ቆዳው ይሁን መብራቱ ወይም ፊልተሩ የሚናገር የለም። አንዲት ተማሪ ያንን እስከ መጨረሻው ካየችው መተግበሪያው ተመሳሳዩን እየደጋገመ ያቀርብላታል፤ ብዙም ሳይቆይ ቅባቱን ያልተቀባችው እሷ ብቻ ትመስላታለች።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ ከታላቅ እኅቷ ጋር መጣች። የያዘችው በቴሌግራም ቻናል የገዛችውን፣ የአምራች ስምም ሆነ የማብቂያ ቀን ያልተጻፈበትን ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከቆዳዋ ሥር ይታያሉ፣ አገጯ ላይ ጸጉር ማብቀል ጀምሯል። በብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ መናገር አይቻልም። ምልክቶቹ ግን ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ፊታቸውን በተቀቡ ሰዎች ላይ የሚታዩት ናቸው። ክሎቤታሶል በሐኪም ክትትል ሶርያሲስንና ከባድ ኤክዜማን ለመሳሰሉ የቆዳ በሽታዎች ትልቅ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ሲቀባ መጀመሪያ መቅላትንና ብግነትን ያጠፋል፣ ቆዳውንም ፈካ ያደርገዋል፤ በእነዚያ ቀናት ቪዲዮ ቢቀረጽ ተአምር ይመስላል። እየቆየ ሲሄድ ቆዳው ይሳሳል። ተጠቃሚዋ ስታቆመው ፊቷ ከበፊቱ ብሶ ይቆጣል፤ «ቅባቱን ስለተውኩ ነው» ብላ ወደ ሻጩ ትመለሳለች። ሻጩም በዚህ መንገድ የማትለቀው ደንበኛ ያገኛል።

እኅቷ ስትቆጣት ልጅቷ የመለሰችው መልስ አሁንም ከአእምሮዬ አልጠፋም። «እሷ ራሷ የምትቀባው እኮ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። እሷ የተባለችው በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያላት ወጣት ናት።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲመጣ ትንሽ ልጅ እንኳ ማስታወቂያ መሆኑን ያውቃል። ይህችን ወጣት ግን ተከታዮቿ ቁርስ ስትበላ፣ ልብስ ስትመርጥ፣ ስታለቅስ ያያሉ፤ እንደ ሠፈር ልጅ ያምኗታል። «እኔ የምጠቀመው ይህንን ነው» ስትል የሚሰሙት የጓደኛ ምክር ነው። ተከፍሏት ይሁን፣ ዕቃው በነጻ ተሰጥቷት ይሁን፣ ወይስ በእርግጥ ወድዳው፣ የሚያውቁበት መንገድ የለም። ቲክቶክም ሆነ ኢንስታግራም አንድ ቪዲዮ የተከፈለበት መሆኑን ማሳወቂያ ምልክት አላቸው። እሱን መጠቀም አንድ አዝራር መንካት ብቻ ነው፤ በእኛ ቋንቋ በሚሠሩት ቪዲዮዎች ላይ ግን እምብዛም አላየሁትም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ክልክል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው የተለመደ ሆኗል፤ ገዢው ስልኩን ካልሰጠ ዋጋውን አያውቅም፣ ስልኩን ከሰጠ በኋላ ደግሞ ጉትጎታው አያባራም። መቆጣጠር አይቻልም የሚለውንም አልቀበልም። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ሁላችንም አይተናል። ከበሮና ጭፈራው በአንድ ጊዜ ነበር የቆመው።

አደራ፣ ይህን የምጽፈው ቻናሎቹ ይዘጉ ብዬ አይደለም። በሠፈራችን የሱቅ ኪራይ መክፈል የማትችል አንዲት እናት ጥልፍ የምትሸጠው በስልኳ ነው፤ ዋጋዋን ትጽፋለች፣ ያልወደደ ገዢ ሲመልስባት ትቀበላለች። እንደ እሷ ያሉት እንጀራቸውን እንዲያጡ አልፈልግም። የምለው ገንዘብ የተከፈለበት ምስክርነት ሁሉ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ «የተከፈለበት ማስታወቂያ» ተብሎ በአማርኛ፣ በጉልህ ይጻፍበት ነው። ቆዳ ላይ የሚቀባ ወይም የሚዋጥ ነገር ከሆነ ደግሞ አስተዋዋቂው ዕቃው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳያረጋግጥ አፉን አይክፈት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች ማስታወቂያቸውን እንዲያሳውቁ፣ በማስታወቂያው ላይ የተስተካከለ ምስልም መስተካከሉን እንዲገልጹ አስገድዳለች፤ የውበት ቀዶ ሕክምናን ማስተዋወቅን ከልክላለች። እኛ ከዚያ የሚያንስ ነው የምንጠይቀው።

ጋዜጣችሁም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንንና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅልን እፈልጋለሁ፦ የቲክቶክና የቴሌግራም የመድኃኒትና የመዋቢያ ማስታወቂያን የሚከታተለው የትኛው ክፍል ነው? የተጎዳ ሰውስ ለማን ያመልክት? እኔ ለዚያች ልጅ የምነግራት አድራሻ አልነበረኝም።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ፣ ፊታችሁ የተጎዳ ልጆች ሎሚም ሆነ ሌላ ቅባት ደርባችሁ ራሳችሁን ለማከም አትሞክሩ። ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ፤ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። ስትሄዱም ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተናድዳችሁ አትጣሉት፣ ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ