ለደንበኞቻችን፦ የወረቀቱ ትምህርት ሦስት ቅዳሜ ስለሆነበትና ከክረምት ስለወጣበት ምክንያት

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በእጅ የሚሠራ ወረቀትና ፌልት (የበግ ጠጉር ታሽቶ የሚሠራ ጨርቅ) የምናስተምርበት ይህ አነስተኛ ስቱዲዮ ከመጪው ክረምት ጀምሮ የትምህርቱን ጊዜና አካሄድ ለውጧል። በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጠው የፌልት ትምህርት ብቻ ይሆናል፤ የወረቀቱ ትምህርት ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ በአንድ ቀን ማለቁ ቀርቶ ሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎችን ይወስዳል። ማስታወቂያውን በራችን ላይ ከለጠፍን ወዲህ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ ስለሰማን፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ የራሳችንን ጉድለት እንናገራለን። እስካሁን በአንድ ቀን እናስተምረው የነበረው የወረቀት ሥራ የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ተማሪው ጠዋት ሲመጣ ቃጫው ተቀቅሎ፣ ታጥቦ፣ ተወቅጦና በገንዳ ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ወንፊቱን ነክሮ ያወጣል፣ አራት አምስት ቅጠል ወረቀት ይሠራል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሲሞክረው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ባለፈው ዓመት ከተማሩት መካከል ተመልሰው መጥተው «የተበጠበጠውን ሽጡልን» ያሉን ብዙዎች ናቸው። ሙያ ያስተማርን መስሎን ደንበኛ ብቻ እያበዛን እንደነበር የገባን ያን ጊዜ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ቅዳሜ የመቀቀያ ቀን ይሆናል። የምንጠቀምበት የሙዝ ግንድ ነው፤ የሙዝ ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ አፍርቶ ስለሚቆረጥ ለወረቀት ተብሎ የሚጎዳ ተክል የለም። ግንዱ ተሰንጥቆ ከደረቀ በኋላ ተከትፎ፣ በደረቅ ክብደቱ ልክ ሃያ በመቶ ሶዳ አሽ የሚባል ነጭ ዱቄት ተጨምሮበት ይቀቀላል። ሶዳ አሽ ያላገኘ ሰው ከእንጨት አመድ የተጠለለ ውኃ መጠቀም ይችላል፤ ሥራው አንድ ነው፣ ቃጫውን አጣብቆ የያዘውን ነገር ማሟሟት። በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ የሚገኘውን የመቀቀያ ሰዓት ይዛችሁ የምትመጡ አላችሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በመሆኑም በዚያ የተጻፈው ሁለት ሰዓት እዚህ አይበቃም፣ እኛ እስከ አራት ሰዓት እናቆየዋለን። በዚህ ቀን ሕፃናትን ይዛችሁ እንዳትመጡ አደራ እንላለን፤ የሚፈላው ውኃ ቆዳ ይልጣል።

ሁለተኛው ቅዳሜ የመውቀጫ ቀን ነው። ቃጫው ታጥቦ ታጥቦ ውኃው ሲጠራ በሙቀጫ ይገባል፤ ክንድ የሚፈትነውም ይኸው ነው። በማሽን መፍጨት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የማሽን ምላጭ ቃጫውን ያሳጥረዋል፣ ዘነዘና ግን ሳይቆርጥ ያላላዋል። መድረሱን የምናውቀው በሰዓት አይደለም። ከላመው ቃጫ በሁለት ጣት ቆንጥረን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ እንጨምርና ወደ መስኮት እናነሳዋለን። እንደ ጉሽ ጠላ ወጥ ሆኖ ከደፈረሰ ደርሷል፤ ክር ክር እያለ ወይም እየተጓጎለ ከታየ ወደ ሙቀጫው ይመለሳል። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ያላነሳ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመንም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ቀን ስለሆነ በእርሱ ላይ አንቆይም፤ ወረቀቱ በወንፊት ይወጣል፣ ይገለበጣል፣ ይጫናል፣ እንዲደርቅ ይሰጣል።

ክረምቱን የተውነው በዚሁ በማስጣቱ ምክንያት ነው። በወረቀቱ ውስጥ ሙጫ የለም፤ ውኃው ከቃጫዎቹ መካከል ሲወጣ እርስ በርሳቸው ተሳስበው ይያያዛሉ፣ ወረቀት የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው። አምና በሐምሌ ለአንድ ቤተሰብ የምርቃት መጥሪያ ካርድ እንሠራለን ብለን ቃል ገባን። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤ ቅጠሎቹ ስድስት ቀን ገመድ ላይ ቢውሉም ሲነኩ ቀዝቀዝ ይሉ ነበር። በሰባተኛው ቀን ጥግ ጥጋቸው ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ታየ፣ ቤቱም የሻገተ እንጀራ ሸተተ። ገንዘቡን መለስን፤ ቤተሰቡ ግን መጥሪያውን በችኮላ ማተሚያ ቤት አሳተመ። ያ ሐፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ከእንግዲህ በእነዚያ ወራት የወረቀት ትእዛዝም አንቀበልም።

ስለ ጥሬ ዕቃው ደጋግማችሁ የጠየቃችሁንም እዚሁ ብንመልስ ይሻላል። ጣና ዳር ተቀምጠን በሐይቁ ዳርቻ በሚበቅለው ረጅም ተክል፣ በደንገል፣ ለምን አንሠራም? ጥንታውያኑ ግብፆች ይጽፉበት የነበረው የደንገል ገበታ በእኛ ሙያ ሚዛን ወረቀት አይባልም፤ ግንዱ በስስ ተሰንጥቆ፣ አግድምና ቁልቁል ተደርቦ፣ ተጭኖ የሚሠራ እንጂ ቃጫው ልሞ በውኃ የሚበጠበጥ አይደለም። ከዚያም በላይ ደንገል ታንኳ የሚሠሩበት ወገኖቻችን እንጀራ፣ የዓሣም መራቢያ ነው፤ ዳርቻው እየሳሳ ባለበት ጊዜ እኛ ማጭድ ይዘን መግባት አልፈለግንም። እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም ግን ሞክረናል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ሰው ሁሉ ጥቅም እንዲገኝለት ይመኛል፣ እኛም ተመኝተን ነበር። ከመቶ ኪሎ እምቦጭ ከዘጠና ኪሎ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ የቀረው ተቀቅሎ ሲወጣ እፍኝ ያህል ይሆናል፣ ብቻውን የተሠራው ወረቀትም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሥሩን የያዘ ቁራጭ በመንገድ ላይ ቢወድቅና ውኃ ቢያገኝ ደግሞ ዳግመኛ ይበቅላል። ስለዚህ ትተነዋል።

ከሙዙ ጋር የምንቀላቅለው ከሸማኔዎች የምንገዛውን የነጠላና የጋቢ ቁርጥራጭ ነው። «አሮጌ ጨርቅ ሸጣችሁልን» ያሉን ደንበኛ እንዳይቀየሙን እንጂ፣ በቻይና እ.ኤ.አ. በ105 የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ጻይ ሉን ለንጉሡ አቀረበው የሚባለው ወረቀትም ከዛፍ ልጥ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የተሠራ ነበር። ጥጥ ወረቀቱን ያጠነክረዋል። ቀለም ሲፈስበት እንደ ሸረሪት እግር የሚበተነውም ከጨርቁ የተነሣ ሳይሆን ወረቀቱ ቀለም እንዳይሰርግ የሚያደርገውን ስታርች ስላልጠጣ ነው፤ ይህንን በሦስተኛው ቅዳሜ መጨረሻ ላይ እናሳያለን። በመቃ ብዕር የሚጽፉ የቆሎ ተማሪዎች ከብራና ጋር አስተያይተው ያጉረመረሙብን በዚህ ነበር፣ እውነታቸውንም ነው።

ፌልቱን ወደ ክረምት ያመጣነው ክፍት ቦታ ለመሙላት አይደለም። ፌልት የሚፈልገው ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ጣራ ነው፤ መድረቁ ቢዘገይም እንደ ወረቀት ቶሎ አይሻግትም። ደግሞም ወረቀት ከወንፊት ሲገለበጥ በየቅጠሉ መካከል የሚገባው ጨርቅ ፌልት ነውና፣ በክረምት የተማሩት የሠሩት ፌልት በጥቅምት ለወረቀት ተማሪዎች ይደርሳል። እስካሁን ያረጀ ብርድ ልብስ እየቆረጥን ነበር የምንጠቀመው፤ ክሩ ወረቀቱ ላይ እየታተመ አስቸግሮናል።

ጠጉሩን ከጎጃም ለምን አንገዛም ላላችሁን፣ የእኛው የዋሸራ በግ ሥጋው የሰባ፣ ጠጉሩ ግን አጭር ስለሆነ ለፌልት አይሆንም። የምናስመጣው ከመንዝ ነው፤ ባና እና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ልብሶች የሚሠሩበት ጠጉር ነው። እሾህና ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ በለብ ያለ ውኃ ሳይታሽ ይታጠባል፤ ከታሸ ያለ ጊዜው ይጠጥራል። የእያንዳንዱ ጠጉር ላይኛው አካል እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ሙቀትና ሳሙና ቅርፊቱን ይከፍቱታል፣ እሽታው አንዱን ከሌላው ያቆላልፈዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈታው የለም። ስለዚህ ተነድፎ እንደ ባዘቶ የሳሳው ጠጉር አግድምና ቁልቁል ይነባበራል፣ ሳሙና ይረጭበታል፣ መጀመሪያ በመዳፍ ብቻ ይዳበሳል። ልብስ ማጠብ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይቸኩላል። ፊቱ ሲቆነጠጥ ጠጉሩ ለብቻው መነሣቱን ሲያቆም በሰሌን ተጠቅልሎ ይንከባለላል። ከስፋቱ ሢሶ ያህል ስለሚሸበሸብ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈልግ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ያነጥፋል፤ ባለፈው ዓመት «ኮፍያዬ ለልጄ ሆነ» ያላችሁን ይህንን አበክረን ባለመንገራችን ይቅርታ እንጠይቃለን። በሳሙና ፋንታ እንዶድ እንድንጠቀም ለመከራችሁን ደግሞ፣ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስተዋሉት እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል፣ ዓሣንም አይምርም፤ የእኛ እጣቢ መጨረሻው ሐይቁ ስለሆነ አንደፍርም።

ክፍያን በተመለከተ፣ የአንድ ቀኑ የወረቀት ትምህርት 900 ብር ነበር፤ የሦስቱ ቅዳሜ 2,000 ብር ይሆናል፣ ጥሬ ዕቃውም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ወንፊቶቻችን አራት ብቻ በመሆናቸውና አንዱን ለሁለት ከመጋራት በላይ መሄድ ስለማይቻል፣ በአንድ ዙር ከስምንት ሰው በላይ አንመዘግብም። የፌልቱ ክፍያ አልተለወጠም።

ለሐምሌ የወረቀት ትምህርት አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ደንበኞቻችን ገንዘባችሁን መልሳችሁ መውሰድ፣ ወደ ፌልት መዛወር ወይም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የጥቅምቱን ሦስት ቅዳሜ መጠበቅ ትችላላችሁ። የመረጣችሁትን እስከ ሰኔ 25 ደረሰኛችሁን ይዛችሁ በመምጣት እንድታሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስቱዲዮው እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቱዲዮው አስተማሪዎችና ሠራተኞች