ልጆቹ ተራ ቁጥር 5 ላይ ናቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፍርድ ቤት በር አካባቢ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዤ አቤቱታ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። የሕግ ዲግሪ የለኝም። ግን አሥራ አንድ ዓመት የሰው ፍቺ ስጽፍ ከርሜያለሁና ጠበቆች ሕፃን ማናገር ይሠልጥኑ ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል።

ኮምፒውተሬ ላይ «ፍቺ» የሚል ፋይል አለ። ሰው ሲመጣ ስም እቀይራለሁ፣ ቀን እቀይራለሁ፣ ንብረት እጨምራለሁ። ቤቱ ከነካርታ ቁጥሩ፣ መኪናው ከነሰሌዳው፣ ፍሪጁና ሶፋው ሳይቀር ይዘረዘራል፤ ረከቦት ያስጻፈችኝም አለች። ልጆቹ ተራ ቁጥር 5 ላይ ናቸው። «ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲኖሩና ተጠሪ ቀለብ እንዲቆርጥ ይወሰንልኝ።» አለቀ። ይቺን መስመር ስንት ጊዜ ኮፒ እንዳደረግኳት እግዜር ይወቀው። ጠበቆቹም ብዙዎቹ ያው ናቸው፣ እኔ ጋ ስለሚያስተይቡ አያለሁ። ለቤቱ ሦስት ገጽ፣ ለልጁ ሦስት መስመር።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከጠበቃዋና ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር መጣች። ጠበቃው ሰነፍ አይደለም፣ ሕጉንም ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል። ቆሞ እያስጻፈኝ ሳለ ድንገት ዞር ብሎ ልጅቷን «ከማሚ ጋር ነው አይደል መኖር የምትፈልጊው?» አላት። ማሚ እንግዲህ አጠገቧ ቆማለች! ልጅቷ ዝም። የጫማዋን ማሰሪያ ቸር አድርጋ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትለጥፈዋለች፣ እንደገና ቸር። በመጨረሻ «ከአያቴ ጋር» አለች። ጠበቃው ሳቀ። እናትየው ደነገጠች። ለምን ከአያትሽ ጋር ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር፤ ተራ ቁጥር 5ን እንደነበረ ትቼ ሦስት ኮፒ አወጣሁና ሂሳቤን ተቀበልኩ።

በኋላ ለልምምድ የመጣ አንድ የሕግ ተማሪ ይህን ስነግረው የሰበርን፣ ማለትም የመጨረሻውን የሕግ ስህተት የሚያርመውን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት፣ መዝገብ ቁጥር 23632 አነበበልኝ። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነ ነው። አባት ልጄን ይስጡኝ ብሎ ከሰሰ፣ ልጁን ያሳደገችው ግን አክስቱ ናት። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቅደም አለና ውሳኔውን ሻረው። ጉዳዩ ከዚያች ልጅ ጋር አንድ አይደለም፣ የእሷ እናትም አባትም አሉ። ቢሆንም «ከአያቴ ጋር» የሚል መልስ የሚሳቅበት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። ልጅ ማን ጋ ይደር ሲባል የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹም ዕድሜና ጥቅም ይታያል ይላል። ይህን ሁሉ ቆፍሮ ለዳኛው የሚያቀርበው ማነው? የፍርድ ቤቱ ሶሻል ወርከር ቤት ለቤት ዞሮ ሪፖርት ይጽፋል፣ ግን ስንቱን መዝገብ ያዳርስ? ጠበቃው ደግሞ ሕፃን ማናገር የተማረ አይመስልም። ውል መተንተን፣ ይግባኝ መጻፍ ተምሯል። የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ቁጭ ብሎ መልሱን አፏ ላይ ሳያስቀምጥላት መጠየቅ ግን ሌላ ሙያ ነው።

ሙያው አገራችን ውስጥ የለም እንዳትሉኝ። ልደታ ፍርድ ቤት ጥቃት የደረሰበት ሕፃን ሲመሰክር ችሎት ፊት አይቆምም። ለብቻው ክፍል ከባለሙያ ጋር ይቀመጣል፣ ዳኛው በቴሌቪዥን ያየዋል፣ ባለሙያዋ የዳኛውን ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ ልጁ በሚገባው ቋንቋ ትነግረዋለች። ያንን የምታውቅ ሴትዮ ለጠበቆች አንድ ሳምንት ብታሠለጥን ምን ይከብዳል? ከአዋጅ 1249/2013 ወዲህ ጠበቆች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ አዳራሽ አያጣም። ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያገልግል የሚለው ደንብም የቆየ ነው፤ ሠልጥኖ ያንን ሰዓት ለሕፃናት ቢያውለው እላለሁ። በወንጀል የሚከሰሱትም አሉ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮት ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቁምለት ይላል የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ። ያ ጠበቃ ልጁን መጀመሪያ የሚያየው በቀጠሮው ጠዋት ኮሪደር ላይ ከሆነ ምን ሊያወሩ ነው?

ሥልጠናው ሲመጣ ደግሞ እኛንም አትርሱ። ጠበቃ የሚይዝበት ገንዘብ የሌለው ሰው መጀመሪያም መጨረሻም የሚያገኘው እኛን ነው።

እኔ በራሴ ፋይሉን ቀይሬዋለሁ። ተራ ቁጥር 5 ጋ ስደርስ እጄን ከኪቦርዱ አነሳና እጠይቃለሁ። ልጁን ትምህርት ቤት ማን ያደርሳል? ሲያመው ማን ያድራል? ሰፈሩን ቢቀይር ማንን ያጣል? ብዙው ደንበኛ ይናደዳል። ትናንት አንዱ ሰውዬ «አንተ ዳኛ ነህ እንዴ? ዝም ብለህ ጻፍ!» ብሎኝ ወረቀቱን ይዞ ጎረቤቴ ጋ ሄደ። ጎረቤቴ አሁንም የድሮውን ፋይል ነው የሚጠቀመው፣ እኔው ነኝ በፍላሽ የሰጠሁት።

አቤቱታ ጸሐፊው፣
ከአዲስ አበባ