ለፍራሲሎንጎ ማዘጋጃ ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ፦ አጊቱ ጉደታ መሬት ካቀኑት ተርታ ትጻፍ

ለፍራሲሎንጎ ከንቲባና ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት
ትሬንቲኖ፣ ጣልያን

ጉዳዩ፦ የመንደሪቱን ታሪክ አጻጻፍ ይመለከታል

የተከበሩ ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

እኔ በሰሜን ጣልያን የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ከፐርጂኔ ከተማ በላይ፣ የፌርሲና ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ ዳገት ላይ የተቀመጠችውን፣ ነዋሪዋ 400 የማይሞላውን መንደራችሁን አብዛኛው የአገሬ ሰው የሚያውቃት በአንድ ክፉ ዜና ብቻ ነው፤ ይኸውም በመንደራችሁ ፍየል ታረባ የነበረችው ኢትዮጵያዊት አጊቱ ጉደታ ዲሴምበር 29 ቀን 2020 በመኖሪያ ቤቷ መገደሏ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የምጠይቃችሁ ማዘጋጃ ቤቱ የመንደሪቱን ታሪክ በሚጽፍበትም ሆነ ለተማሪና ለጎብኚ በሚያስረዳበት ጊዜ፣ አጊቱን በወንጀል መዝገብ ወይም ስለ ስደተኞች በሚጨመር የመጨረሻ ገጽ ሳይሆን፣ መሬቱን ካቀኑት ሰዎች ተርታ እንዲያስገባት ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ከራሳችሁ ታሪክ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከባቫሪያና ከቲሮል አካባቢ የመጡት ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ወደ ሸለቆው የወጡት፣ የዘመኑ ባላባቶች ደኑን መንጥረው እንዲያርሱ ስለፈቀዱላቸው ነበር። ቤታቸውን የሠሩት ተራርቀው ነው፤ ማዞ የሚባለው ይዞታ ቤቱን፣ ጋጣውን፣ እርሻውን፣ የሣር መሬቱንና ጫካውን አንድ ላይ ይዞ ለብቻው ይቆማል። በማዘጋጃ ቤታችሁ ሥር ባለችው በሮቬዳ መንደር እስከ ዛሬ የሚነገረው ሞኬኖ የእነዚያ መጤዎች ቋንቋ ነው። ከእነሱ በኋላ ብርና መዳብ የሚቆፍሩ ማዕድን ሠራተኞች መጡ፤ ማዕድኑ ሲመናመን ግን ሸለቆው ኑሮውን መልሶ በከብትና በሣር ላይ ጣለ።

ያም ቢሆን ቤተሰብ አያበላም ነበርና፣ በበረዶው ወራት ወንዶቹ ጨርቅ፣ መርፌና ክር፣ በመስታወት ላይ የተሣሉ የቅዱሳን ሥዕሎችም ጭምር በጀርባቸው አዝለው በኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛቶች እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ስለ እነዚህ ክሮሜር ስለሚባሉ ነጋዴዎች ሲነሣ፣ እኔ ይበልጥ የማስበው ከብቱን፣ ልጁንና ያንን ሁሉ ዳገት ይዘው የሚቀሩትን ሴቶች ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 በሳን ዠርሜን የሰላም ውል ሸለቆው ከኦስትሪያ ወደ ጣልያን ተላለፈ። ቀጥሎ የመጣው የፋሺስት መንግሥት ጀርመንኛን ከትምህርት ቤት አስወጣ፤ በ1936 አዲስ አበባ ድረስ የመጣብንም ያው መንግሥት ነው። በሂትለርና በሙሶሊኒ የ1939 ስምምነት መሠረት በሰሜን ጣልያን ላሉት ጀርመንኛ ተናጋሪ የደቡብ ቲሮል ሰዎች የቀረበው፣ ወይ ወደ ጀርመን ሂዱ ወይ ጣልያናዊ ሆናችሁ ቅሩ የሚለው ምርጫ ለሞኬኒዎችም፣ ማለት ሞኬኖ ተናጋሪ ለሆኑት ለሸለቆው ሰዎችም ደረሰ። ብዙ ቤተሰቦች በ1942 ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል ወደሆነችው ቦሄሚያ ተወስደው ከቼክ ገበሬዎች በተነጠቀ መሬት ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ደግሞ ወደ ተራራቸው ተመለሱ። አያቶቻችሁ በዚህ አልፈዋልና፣ ከመሬት መፈናቀል ምን እንደሆነ እኔ ላስረዳችሁ አይገባም።

አጊቱ በ1978 አዲስ አበባ ተወለደች። በትሬንቶ ሶሲዮሎጂ ተምራ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በዚያም የገበሬው መሬት ለባለሀብት መሰጠቱን ስትቃወም ቆይታ፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ሁኔታ ሲፈጠር በ2010 ተመልሳ ትሬንቲኖ ገባች። የፍየል እርባታን ከአያቷ ነበር የተማረችው። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የተራራው ሰው ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሲወርድ፣ ቀድሞ በማጭድ ይታጨድ የነበረውን የሣር መሬት ዳዋ እየዋጠው ነበር። እሷ ዳዋ የዋጠውን መሬት ይዛ በ15 ፍየሎች ጀመረች፤ በ2018 መንጋዋ 180 ደርሶ በ11 ሄክታር ላይ ይሰማራ ነበር። ከመንጋዋ ውስጥ ፔጻታ ሞኬና የምትባለው፣ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰችው የሸለቆው ቡራቡሬ ፍየል ትገኝበታለች። ፍየል ላም የማትደፍረውን እሾህና ቁጥቋጦ እየቀነጠበች ስለምትበላ፣ መንጋው ደጋግሞ በዋለበት ቦታ ሣሩ ብርሃን አግኝቶ መልሶ ይበቅላል። ወተቱን ሳታፈላ አይብ እየሠራች ትሬንቶ ገበያ ታወርድ ነበር። እንግዲህ ይህ ሥራ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎች ከሠሩት በምን ይለያል?

ከ800 ዓመት አጠገብ ዐሥር ዓመት ምን አላት የሚል ይኖር ይሆናል። ማዕድን ቆፋሪዎቹም ሄደዋል፤ ታሪካችሁ ግን አልተዋቸውም። ስደተኛ ከአገሬው ኅብረተሰብ ጋር የመዋሃዱ ምሳሌ ተብላ መወደሷም በበኩሌ አያረካኝም፤ ውዳሴው ሥራዋን ትቶ መጤነቷን ብቻ ያያል፣ በሸለቆው ደግሞ መጤ ያልነበረ የለም።

አሟሟቷም ሆነ ያሳለፈችው በደል ይድበስበስ ማለቴ አይደለም። በ2018 በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ዛቻ እንደሚደርስባት ለፖሊስ አመልክታለች፤ የገደላት ደግሞ አብሯት ይሠራ የነበረ ሰው ነው፣ ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ብሎታል። ሁለቱም በግልጽ ይጻፉ። እሷ ከሞተች በኋላ ፍየሎቹን ተቀብላ የጠበቀችው የሸለቆው ወጣት እረኛ መሆኗም አብሮ ይጻፍ።

ስለዚህ ስለ መሬትና ስለ ከብት እርባታ በምታዘጋጁት ጽሑፍ ሁሉ ስሟና ሥራዋ በሞኬኖና በጣልያንኛ እንዲሰፍር፣ ለሚመጡት ኢትዮጵያውያን ሲባልም በአማርኛ እንዲታከልበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአማርኛውን ጽሑፍ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ። የዚህ ደብዳቤ የጣልያንኛ ቅጂ ከዚሁ ጋር ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ጣልያን ነዋሪ የሆንኩ ኢትዮጵያዊ